የብረት ጢም መላጫ ሲያረጅ፦ የሚጠገነውና የማይጠገነው

ጢሙን ሲላጭ ፊቱ የሚደማ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው ምላጩን ነው። «የአሁን ምላጭ ደግሞ ምን ምላጭ ነው!» ይልና ሌላ ዓይነት ይገዛል። ያም ያደማዋል። ሌላ ይሞክራል፣ ለውጥ የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምላጩ አይደለም። ምላጩን የያዘው ብረት አርጅቷል፣ ተጣሟል ወይም ቆሽሿል።

የማወራው እየተፈታ ስለሚገጠመው፣ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ስለሚገባበት የብረት መላጫ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬም በየቤቱ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ወይም አባት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ተላጭተው የሚጥሉት ፕላስቲክ ሲመጣ ብዙ ሰው ረስቶት ነበር። የሚመለሱበት ግን አሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ምላጩ ርካሽ ነው። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ቻርጅ ያለቀበት ቶንዶስ ይዞ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ የቀረ ሰው ይህን አስረዱኝ አይልም።

ሲበላሽ ግን ሰው ግራ ይጋባል። ብየዳ ቤት ልውሰደው? ልጣለው? እኔ የምለው ይህን ነው፦ እጀታው ከተበላሸ አትጣሉት፣ ራሱ ከተበላሸ ግን ለማስጠገን አትልፉ። ምክንያቱ እንዲገባን መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ምላጩ የሚጎብጠው በምክንያት ነው

አብዛኛው መላጫ ሦስት ቁራጭ ነው። ላይ ክዳኑ አለ፤ ከሆዱ አጭር ብሎን ወጥቶለታል። መሃል ላይ ምላጩ የሚያርፍበት መቀመጫ አለ። እነዚህ ሁለቱን አንድ ላይ «ራስ» እንበላቸው። ታች እጀታው አለ፤ ውስጡ ጥርስ ወጥቶለት የክዳኑን ብሎን ይነክሳል። እጀታው ሲጠብቅ ክዳኑን ወደ ታች ይስበዋል። ምላጩ በክዳኑና በመቀመጫው መሃል ይጨመቃል።

አንድ ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሁለት ጣት ብትይዙት ይርገበገባል። ክዳኑና መቀመጫው ግን ጠፍጣፋ አድርገው አይይዙትም፤ ቀስት አድርገው ያጎብጡታል። ስስ ላሜራ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲቆም ይወዛወዛል፣ ሸንተረር ወጥቶለት የጣሪያ ቆርቆሮ ሲሆን ግን ሰው ይቆምበታል። የጎበጠ ምላጭም እንደዚያው ይጠነክራል። ጢሙን ሲነካ አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጥ ምላጭ ደግሞ ጢም አይቆርጥም፤ ይቦጭቃል።

ስለቱ ከክዳኑ ምን ያህል ወጣ? ከመቀመጫው ጠርዝ በምን ያህል ራቀ? ቆዳ ላይ በስንት ዲግሪ አረፈ? ይህን ሁሉ የሚወስነው የሁለቱ ቁራጮች ቅርጽ ነው። ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ጠባብ ልክ ውስጥ ትንሽ መጣመም ፊት ላይ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ነው ራስ በመዶሻ አይቃናም የምለው። በዓይን የተቃና ቢመስልም ለምላጩ አልቃናም።

ስለ ልክ ካነሳን ታሪኩም ይጠቅመናል። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ይህን መላጫ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። በዚያ ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ሐሳቡ የእሱ ይሁን እንጂ፣ እንዲህ የሳሳ ብረት እንዴት ተጠንክሮ እንደሚሳል መላ ያገኘለት ዊሊያም ኒከርሰን የሚባል መሐንዲስ ነው። በ1904 ያገኘው የፈጠራ መብት በ1921 ጊዜው አለቀ። ሌሎች ፋብሪካዎችም ከዚያው ጋር የሚገጥም ዕቃ ይሠሩ ጀመር። ውሎ አድሮ የምላጩ ልክ በዓለም ሁሉ አንድ ሆነ። የአያታችሁ መላጫ ዛሬ ቀበሌ 14 ካለ ሱቅ የተገዛ ምላጭ የሚቀበለው ለዚህ ነው። የብሎኑ ጥርስም እንዲሁ ተቀራራቢ ሆኖ ቀረ። ወደ እሱ እንመለሳለን፤ ለጥገናው ቁልፉ እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት እጠቡት

«አበቃለት» የተባለ መላጫ ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ሳሙና ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ዝቃጩ ክዳኑ ሥር ይገባና ይደርቃል። ምላጩ በብረቱ ላይ መተኛቱ ቀርቶ በዝቃጩ ላይ ይተኛል። አንዱ ጎን ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ክረምት ላይ የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ከጣና በተቀዳ ውሃ ለሚታጠብ ሰው ደግሞ ደለሉም ይጨመራል።

ምላጩን አውጡና ሦስቱን ቁራጭ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፏቸው። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። ብሩሹ የማይደርስበትን፣ በተለይ የብሎኑን ሥርና የእጀታውን ቀዳዳ፣ በስቴኪኒ ጎርጉሩት። ነጩ ነገር እምቢ ካለ ከውሃ ጋር እኩል የተቀላቀለ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያለቅቀዋል። ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ወዲያው አለቅልቁት። አቼቶ ውስጥ የሚያሳድሩት ሰዎች ጠዋት የሚያገኙት የተላጠ ክሮም (የሚያብረቀርቀው ሽፋን) ነው። አሲዱ በክሮሙ ስንጥቅ ገብቶ ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላዋል።

በረኪና ጨርሶ እንዳታስጠጉት። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦም ይቅርበት፤ ክሮሙን ይጭረዋል፣ ዝገት የሚጀምረው ደግሞ ከጭረቱ ነው።

አሁን አዲስ ምላጭ አስገብታችሁ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት። በሁለቱም ጎን ከክዳኑ ሥር ብቅ ያለው የስለት ጠርዝ እኩል ነው? ካልሆነ እጀታውን ላላ አድርጉና ክዳኑን ስለት በሌለባቸው በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ይዛችሁ ወደ መቀመጫው እየተጫናችሁ አጥብቁት። አብዛኛው በዚህ ይስተካከላል።

እምቢ ካለ ክዳኑን ብቻ ፈትታችሁ ግራና ቀኙን አቀያይራችሁ ግጠሙት። የበለጠ የወጣው ስለት ከክዳኑ ጋር አብሮ ጎን ከቀየረ ክዳኑ ተጣሟል። ከነበረበት ጎን ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የመቀመጫው ነው። ቀጥሎ መላጫውን ወደ መስኮት ብርሃን አዙሩት። በስለቱና በመቀመጫው ጠርዝ መሃል የሚታየው የብርሃን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለበት። በአንዱ በኩል ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ መላጫው አንድ ቀን ሴራሚክ ወለል ላይ ወድቋል ማለት ነው። ባለቤቱ ላያስታውስ ይችላል፤ ልጆቹን ቢጠይቅ አይከፋም።

ከምን ብረት ተሠራ?

የሚጠገን መሆን አለመሆኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ያብረቀርቃሉ፣ ክሮም ወይም ኒኬል ለብሰዋልና። ውስጣቸው ግን ይለያያል። የድሮዎቹና ውዶቹ ብዙ ጊዜ ናስ ናቸው። ርካሾቹ ዛማክ ከሚባል ቅይጥ ይሠራሉ፤ አብዛኛው ዚንክ ሆኖ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ ይጨመርበታል። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ስለሚፈስ ለፋብሪካ ምቹ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ራስ ከዚህ የተሠራ ነው።

ለመለየት ማግኔት የሚያመጡ አሉ። አይረዳም፤ ናስንም ዚንክንም አሉሚኒየምንም ማግኔት አይስብም። ይልቅ ክሮሙ የተፋቀበትን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የብሎኑ ጥርስ ላይ ወይም የእጀታው ቀዳዳ አፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ቢጫ ካያችሁ ናስ ነው። ዳለቻ ካያችሁ፣ በተለይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበትና ትንንሽ ጉድጓድ ካወጣ፣ ዛማክ ነው። ክብደትም ይናገራል። በመጠን እኩል ሲሆኑ ናስ ከዚንክ ይከብዳል፣ ከአሉሚኒየም ደግሞ በሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል።

ዛማክ ከሆነ ብየዳ ቤት አትውሰዱት። ብየዳው የሚያወጣው ሙቀት በብዙ ሺህ ዲግሪ ይቆጠራል፤ ዛማክ ግን 380 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ኤሌክትሮዱ ሳይነካው ጉብ ብሎ ይወርዳል። ከዚህም የባሰው የሚቃጠል ዚንክ ጭሱ ነው፤ በያጁን ያሳምመዋል። ሱፐር ግሉም አይሆንም። ክዳኑን የሚስበው ኃይል በሙሉ ያረፈው በዚያች ቀጭን ብሎን ላይ ነው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና እየራሰ ሙጫው ይለቃል። የሚለቀው ደግሞ ስለቱ አገጭ ላይ እያለ ሊሆን ይችላል። የተሰበረ የዛማክ ክዳን መጨረሻው ነው፤ አትዘኑለት።

ናስ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ናስ ይበየዳል፤ ሰዎች ግን የተሳሳተ ሰው ጋ ይወስዱታል። የመስኮትና የበር በያጅ ለዚህ ሥራ እጁ ከባድ ነው። የሚሻለው ወርቅ ቤት የሚሠራ አንጥረኛ ነው። የጆሮ ጌጥ የሚበይድ ሰው በብር ብየዳ የተሰነጠቀ የናስ ቱቦ መዝጋት አይከብደውም። የድሮ የጂሌት እጀታዎች ደግሞ በቁመታቸው የመሰንጠቅ ልማድ አላቸው። ክሮሙ ወይም ኒኬሉ እሳቱ በነካው ቦታ እንደሚጠቁር አስቀድማችሁ እወቁ። መልኩ ይበላሻል፣ ሥራው ግን ይመለሳል።

ክሮሙን መልሶ ስለማልበስም የሚጠይቁ አሉ። እዚህ ላይ ቪዲዮ አይቶ በባትሪና በባልዲ ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ካለ ይተው። ለዚያ የሚያገለግለው የክሮሚየም ኬሚካል መርዝ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። ክሮሙ የተላጠ ናስ ጤናማ ነው፤ ዝም ብላችሁ ተላጩበት። ክሮሙ የተላጠ ዛማክ ግን ጉድጓዱ እየሰፋ ይሄዳል፣ ጠርዙም ቆዳ ይጭራል። እሱን ሸኙት።

የተበላ ጥርስ፦ የቶርኖ ቤት ሥራ

እጀታው እየዞረ የማይጠብቅ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል። ከሁሉም ብልሽት በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ደግነቱ ለመጠገንም የሚቀለው እሱው ነው።

የድሮዎቹ ጂሌቶች ብሎን በአሜሪካ ልክ የተሠራ ነው፤ ውፍረቱ 4.83 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 0.79 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ በሜትሪክ 5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የጥርሱ ርቀት 0.8 ነው። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ አንዱ የሌላውን እጀታ በአብዛኛው ይቀበላል። የአንዱን ራስ ከሌላው እጀታ ጋር ማጋባት ይቻላል ማለት ነው።

ለመመርመር የብሎን መሸጫ ሱቅ ሄዳችሁ አንድ ባለ 5 ሚሊ ብሎን ከነዳዶው ግዙ። ባለጋራዦቹ በመፍቻው ስለሚጠሩት «ባለ 8 ቁልፍ» ብትሉ ይገባቸዋል። ዳዶውን በክዳኑ ብሎን ላይ በእጃችሁ አዙሩት። እስከ ታች ወርዶ ጠበቅ ካለና ስትስቡት ካልወጣ የክዳኑ ጥርስ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ብሎኑን እጀታው ውስጥ አዙሩት። እዚህ ከተንከላወሰ ወይም ተስቦ ከወጣ ጥፋቱ የእጀታው ነው። እፎይ በሉ። በተቃራኒው ዳዶው ክዳኑ ላይ ካልያዘ፣ ክዳኑም ዛማክ ከሆነ፣ ራስ ቀይሩ።

ለእጀታው መፍትሔው ብረት በማሽን እያዞሩ የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ የቶርኖ ሰው አይጠፋባትም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ ፖሊቴክኒኩም እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ብረት መቁረጥ እንግዳዋ አይደለም። የባጃጅ ዕቃ የሚሠራ ቶርኖ ቤት ለዚህ ይበቃል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አትሂዱ። ለአንዲት መላጫ ማሽን ማስነሳት ለሠራተኛው ቀልድ ይመስለዋል፤ «ወንድሜ፣ ሲመችህ ይሁን፣ ነገም እመለሳለሁ» ያለ ሰው ሥራውን በደንብ ያሠራል።

የምትሉት ይህ ነው። የተበላው ቀዳዳ ይስፋ፣ የናስ ቡሽ (ቀዳዳውን የሚሞላ ቱቦ) ይግባበት፣ ቡሹ መሃሉ በ4.2 ሚሊ ሜትር ይበሳና የ5 ሚሊ ጥርስ ይውጣለት። እጀታው ቀጭን ቱቦ ከሆነና ይህን የማይችል ከሆነ ከ12 ሚሊ ሜትር የናስ ዘንግ አዲስ እጀታ ማስወጣት ይቻላል። ርዝመቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ገላው ሸካራ ይሁን፤ በሳሙና እጅ ለስላሳ ናስ መያዝ ዓሣ እንደመያዝ ነው። አንድ ነገር በግድ አስታውሱት። ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ ከክዳኑ ብሎን ርዝመት የጠለቀ መሆን አለበት። ካጠረ ብሎኑ ጫፉ ላይ ደርሶ ይቆምና እጀታው መቀመጫውን ሳይጫን ይቀራል። ያኔ ጠብቋል ብላችሁ የላላ ምላጭ ፊታችሁ ላይ ታስኬዳላችሁ። ስለዚህ ራሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ይለካ።

ሌላ ዓይነት መላጫም አለ፤ የእጀታው ጫፍ ሲጠመዘዝ ክዳኑ እንደ በር ለሁለት የሚከፈተው። የዚህ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ሳሙና ነው። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩለት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። በውስጡ ያለው ዘንግ ከተሰበረ ግን በድፍረት አትክፈቱት፤ ተመልሶ የሚገጥም አይመስለኝም።

መቀየር ካለበት

ራሱ ከተጣመመ ሙሉ መላጫ ግዙና ጥሩው አሮጌ እጀታችሁ ከአዲሱ ራስ ጋር ይቀጥል። ሱቁ ውስጥ ሳትከፍሉ ፍቱት። ብሎኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል? እጀታው ያለ ግፊት ይገባል? በመስኮት ብርሃን ክፍተቱ እኩል ነው? ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ይህን ሳታዩ አትውጡ።

«ባለ ሦስት፣ ባለ አምስት ምላጩ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ጢማችሁ ከርዳዳ ከሆነ እኔ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1971 ባለ ሁለት ምላጩ ሲመጣ ሐሳቡ አንዱ ምላጭ ጢሙን ሳብ ሲያደርግ ቀጣዩ ከሥሩ እንዲቆርጠው ነበር። ጢሙ ከቆዳ ወለል በታች ይቆረጣል። ቀጥ ያለ ጢም ተመልሶ ይወጣል፤ ከርዳዳው ግን ታጥፎ ቆዳው ውስጥ ያድግና አንገት ላይ ብጉር ያወጣል። አንድ ምላጭ ለኛ ጢም ይስማማል፤ በጢሙ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

ያገለገለ መላጫ ከዘመድ ወይም ከገበያ ካገኛችሁ በሳሙና አጥባችሁ ቀቅሉት፤ ሙሉ በሙሉ ብረት ከሆነ አይጎዳም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ምላጩን ደግሞ ወንድማማች እንኳ አይዋሰው።

አዲስ ምላጭም ቶሎ ይደነዝዛል፤ ይህም ብዙዎችን ይገርማል። ብረት ከፀጉር 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል፣ ታዲያ ፀጉር እንዴት ያደነዝዘዋል? እ.ኤ.አ. በ2020 ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በማይክሮስኮፕ ተከታትለው ነበር። ስለቱ የሚደነዝዘው በመፋቅ ብቻ አይደለም። የብረቱ ውስጣዊ አሠራር ከቦታ ቦታ እኩል ስላልሆነ፣ ፀጉሩ በሚጎብጥበት ማዕዘን ደካማው ቦታ ይሸረፋል። ስለዚህ ጢሙን ማለስለስ ምላጩንም ያቆየዋል። ፊታችሁን በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ አርሱት፤ የራሰ ጢም በጣም በቀለለ ኃይል ይቆረጣል። የደነዘዘውን በብርጭቆ እየፈተጉ መሳል ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ስለቱ የተለበጠበት ስስ ሽፋን አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ያለቀውን ምላጭ በፌስታል አትጣሉ። ቆሻሻውን በእጃቸው የሚለዩት ልጆች አሉ። ክዳን ያለው ባዶ ጣሳ ፈልጉና ክዳኑ ላይ በቢላ ጠባብ ስንጥቅ አውጡ። ምላጮቹን በስንጥቁ ክተቱ። ሲሞላ ስንጥቁን በመዶሻ ደፍኑና ለሰብሳቢዎቹ ምን እንዳለበት ነግራችሁ ለብቻ ስጧቸው።